ቆዳዋን አሳየኝ

ባለፈው እሑድ ማታ ስልኬ ጠራ። ቁጥሩ የአሜሪካ ነው። «ቲቸር፣ ደህና አመሹ?» ሲለኝ ድምፁን ወዲያው ለየሁት። ሳንጃ ሥነ ዜጋ ካስተማርኳቸው ልጆች አንዱ ነው። ዛሬ ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ በሚባለው አካባቢ ሚስት አግብቶ፣ ልጆች ወልዶ ይኖራል። ስለ ጤና ተጠያየቅን፣ ስለ ዝናቡ ጠየቀኝ፣ ስለ ሰሊጥ ዋጋ ጠየቀኝ። የቆላ ልጅ የትም ቢሄድ ሰሊጥ ስንት ገባ ማለቱን አይተውም።

ከዚያ ወሬያችን ወደ ምርጫ ዞረ። ዜግነት ካገኘ በኋላ መጀመሪያ ድምፅ የሰጠበትን ቀን አጫወተኝ። ለቨርጂኒያ ግዛት ሴኔት ነው። ከምርጫው በፊት አንዲት ወጣት በሩን አንኳኩታ፣ ወንበሩ ላይ ላለው ሴናተር ድጋሚ ድምፅ እንዲሰጥ ጠየቀችው። እሱም «እስካሁን ምን ሠራ?» አላት። የያዘችውን ወረቀት አነበበችለት። ያላወቀችውን ነገር ደግሞ ስልክ ቁጥሩን ጻፈችና «ይደወልልሃል» ብላው ሄደች።

«ደወሉልኝ'ኮ ቲቸር!» አለኝ። እስከ ዛሬ ገርሞታል።

ቀጠለና «ያን ጊዜ ማን ትዝ አለኝ መሰለዎት? እኚያ የእረኛውን ነገር የተናገሩት አባት» አለ። ዝም አልኩ። «እርስዎ ነዎት'ኮ ያስቀመጧቸው» አለኝ።

እየሳቀ ነው ያለኝ፣ ክፋት የለበትም። ለካ ያኔ ልጅ ሆኖ ከስብሰባው ዳር ቆሞ ነበር። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ በዐይኔ አልዞረም። ስለዚህ ነገሩን ልጻፈውና ይውጣልኝ ብዬ ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ዓመቱን በቁርጥ አልናገርም፣ ከ1997 በፊት ነው ልበላችሁ። ከሳንጃ ወጣ ብላ ባለች አንዲት ቀበሌ የምርጫ ቅስቀሳ ስብሰባ ተጠራ። የመጣው በጊዜው ወንበሩ ላይ ያለው ተመራጭ ነው። አምስት ዓመቱን ጨርሶ ድጋሚ ሊወዳደር ነው። ስሙን አልጠራም። ክፉ ሰው አልነበረም። ከሕዝቡ ጋር ቁጭ ብሎ ጠላ የሚጠጣ፣ ለቅሶ የሚደርስ ሰው ነበር።

እኔ ደግሞ የሥነ ዜጋ አስተማሪ ስለሆንኩ «መድረኩን አንተ ምራልን» ተባልኩ። በዚያ ዘመን ለአስተማሪ ይህ የተለመደ ነው። ስብሰባ እንመራለን፣ ቃለ ጉባኤ እንይዛለን፣ የምርጫው ቀን ሲደርስ ደግሞ ምርጫ አስፈጻሚ ሆነን ሳጥኑ አጠገብ እንቀመጣለን። ለአንዱ ተወዳዳሪ መድረክ የመራ ሰው ተመልሶ ዳኛ ሆኖ ሲቀመጥ ልክ እንዳልሆነ ዛሬ ይገባኛል። ያኔ ግን ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።

ወሩ ሚያዝያ ነው። የቆላ ሚያዝያ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሰው ሁሉ ዋርካው ጥላ ውስጥ ተጠጋግቶ ተቀምጧል። ተመራጩ ተናገረ፣ ተጨበጨበ። «ጥያቄ ያለው?» አልኩ። ምንሽራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው የተቀመጡ አንድ አባት ተነሱ።

«ልጄ፣ እኔ አልተማርኩም» አሉት። «ግን ከብት አለኝ፣ እረኛ እቀጥራለሁ። ዓመት ሲሞላ ከብቱን አንድ በአንድ ቆጥሮ ያስረክበኛል። አንዲት ላም ብትጎድል የት ገባች እለዋለሁ። ሞተች ይለኛል። ቆዳዋን አሳየኝ እለዋለሁ። ቆዳዋን ካሳየኝ አለቀ፣ ሞት የእግዜር ነው፣ ለከርሞም እሱኑ እቀጥረዋለሁ። ካላሳየኝ ግን ወይ ሸጧታል፣ ወይ እሱ ተኝቶ ጅብ በልቷታል። አንተ የዛሬ አምስት ዓመት እዚችው ዋርካ ሥር ቆመህ የጉድጓድ ውሃ ትጠጣላችሁ ብለኸን ነበር። ውሃው የለም። አልተቆጣሁህም። ቆዳዋን አሳየኝ ነው የምልህ።»

ሰው ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመና ጸጥ አለ። ተመራጩ ዞሮ እኔን አየኝ።

እኔም «አባቴ፣ ጥያቄዎ ከአጀንዳው ውጭ ነው። የዛሬው ስለ ምርጫው ነው። እባክዎ ይቀመጡ» አልኳቸው።

እኚያ አባት አንድ ጊዜ አዩኝና ተቀመጡ።

ለምን እንዲያ አልኩ? ፈራሁ። ማንም አላስፈራራኝም፣ ማንም እንዲህ በል አላለኝም። ግን ግምገማ የሚባል ነገር ነበር፣ ዝውውር የሚባል ነገር ነበር፣ «አስተማሪው ሕዝቡን አነሳሳ» የሚባል ነገር ነበር። ሳይነገረኝ የሚፈለገውን አደረግሁ። በማግስቱ ክፍል ገብቼ ደግሞ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 54 አስተማርኩ። የምክር ቤት አባል ተገዢነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ነው። መራጩ ሕዝብ አመኔታ ያጣበት ተመራጭ በሕግ መሠረት ከአባልነቱ ሊነሳ ይችላል። ይህን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፣ ልጆቹም ደብተራቸው ላይ ገለበጡ። ያ የደወለልኝ ልጅም ኋላ ያስተማርኩት ይህንኑ ነው።

የምርጫው ቀን እኚያ አባት መጡ። ካርዳቸውን ተቀብዬ ስማቸውን መዝገቡ ላይ ስፈልግ ጎንበስ ብለው «አስተማሪ፣ ዛሬስ አጀንዳው ውስጥ አለሁ?» አሉኝ። ሳቅሁ። የሳቅሁት ሌላ ማድረግ የምችለው ነገር ስላልነበረ ነው።

ማታ ድምፅ ተቆጠረ። በዚያ ጣቢያ ያ ተመራጭ አሸነፈ። ከጊዜ በኋላ ወደ ሌላ ኃላፊነት ተዛወረ ተባለ፣ ከዚያ በኋላ በዚያች ቀበሌ አላየሁትም። ውሃውም ከዓመታት በኋላ መጣ። በማን ጥያቄ፣ በማን ገንዘብ፣ ለምን ያን ያህል ዘገየ ብትሉ ግን የሚነግራችሁ ሰው አታገኙም።

አሁን ያ ልጅ ወዳለበት ወደ ቨርጂኒያ ልውሰዳችሁ። የዚያ ግዛት ሴኔት 40 ወንበር አለው፣ ዘመኑ አራት ዓመት ነው። በኛ አቆጣጠር ሰኔ 13 ቀን 2015 የፓርቲዎቹ የውስጥ ምርጫ ነበር። ማለትም ፓርቲው ማንን እጩ አድርጎ ያቅርብ የሚለውን ሕዝቡ ራሱ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ይወስናል። በፌርፋክስ አካባቢ ሁለት ነባር ሴናተሮች፣ ቻፕ ፒተርሰንና ጆርጅ ባርከር፣ በዚያ ቀን ተሸነፉ። ሁለቱም ሴኔት ከገቡ 15 ዓመት አልፏቸዋል። ባርከርማ የገንዘብ ኮሚቴውን ከሚመሩት አንዱ ነበር። ያሸነፏቸው ሳዳም ሳሊምና ስቴላ ፔካርስኪ ናቸው። ሳሊም ባንግላዴሽ የተወለደ የስደተኛ ልጅ ነው። ልብ በሉ፣ ሁለቱ የተሸነፉት በተቃዋሚ ፓርቲ አይደለም፣ በራሳቸው ፓርቲ ሰዎች ነው።

ለምን ተሸነፉ? አንዱ ምክንያት የምርጫ ክልሎቹ ካርታ አዲስ መሠራቱ ነው። ብዙው መራጭ ለነሱ አዲስ ሆነ። «15 ዓመት አገልግያለሁ» ሲሉ ሰዉ «እኔን አላገለገልከኝም፣ አላውቅህም» ማለት ቻለ። ሌላው ደግሞ መዝገብ ነው። በፒተርሰን ላይ ከተነሱት ነገሮች አንዱ ከሦስት ዓመት በፊት የሰጠው ድምፅ ነበር። አንዳንድ የጦር መሣሪያዎችን የሚከለክል ሕግ ኮሚቴ ላይ ሲቀርብ፣ ከፓርቲው ብዙኃን ተለይቶ ይቆይ ካሉት ጋር ድምፅ ሰጥቶ ነበር። ልክ ነው አይደለም የሚለው የነሱ ክርክር ነው። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። አንድ ሰው አንድ ቀን በአንድ ኮሚቴ ውስጥ የሰጠው ድምፅ በስሙ ተጽፎ ተቀምጦ፣ ድጋሚ ልመረጥ ብሎ ሲመጣ «ይህስ?» ተባለ። ይኸው ነው ቆዳ ማለት።

ወደ አገራችን እንመለስ። «ሴናተር ድጋሚ ለመመረጥ ቀሰቀሰ» የሚባል ነገር በኛ ታሪክ አልነበረም። በንጉሡ ዘመን ሴኔት ነበረን፣ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ይባላል። አባላቱን የሚሾሙት ግን ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው። የሚመረጠው የሕግ መምሪያው ነበር። በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት መሠረት የመጀመሪያው ምርጫ ተደረገ፣ ከዚያም በየአራት ዓመቱ። ፓርቲ ስላልነበረ ሰው የሚወዳደረው በግሉ፣ በስሙና በዘመዱ ነው። የዛሬው የፌዴሬሽን ምክር ቤትም አባላቱ የሚመጡት በክልል ምክር ቤቶች በኩል ነው። ሕገ መንግሥቱ ክልሎች ሲፈልጉ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጣቸው ማድረግ ይችላሉ ይላል፣ ግን የተለመደው ምክር ቤቶቹ እንዲመርጡ ነው።

ስለዚህ ለኛ ተመራጭ ማለት በአምስት ዓመት አንዴ የምንመርጠው የተወካዮች ምክር ቤትና የክልል ምክር ቤት አባል ነው። እሱስ ተመልሶ ሲመጣ ተጠይቆ ያውቃል?

አንድ ጊዜ ተጠይቋል። ግንቦት 7 ቀን 1997። ያን እሑድ የማታስታውሱ ወጣቶች ወላጆቻችሁን ጠይቁ። አዲስ አበባ ላይ 23ቱም የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች ከገዢው ፓርቲ እጅ ወጡ። በከተማው ምክር ቤት ከ138 ወንበር 137ቱን ቅንጅት ወሰደ። አፈ ጉባኤው ዳዊት ዮሐንስ ወንበራቸውን አጡ፣ የትምህርት ሚኒስትሯ ገነት ዘውዴም እንዲሁ። በኛው ክልል ደግሞ ቡግና ላይ የማስታወቂያ ሚኒስትሩ በረከት ስምዖን መሸነፋቸው ተሰማ። ነሐሴ 15 ቀን በ31 የምርጫ ክልሎች ድጋሚ ምርጫ ሲደረግ ግን አሸነፉ ተባለ። ከዚያ በኋላ የሆነውን፣ የጠፋውን የሰው ሕይወት ታውቁታላችሁ።

ቀጥሎ በ2002 ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547ቱ 545ቱን ወሰዱ። የቀሩት ሁለት ወንበሮች አንዱ አዲስ አበባ ላይ የመድረኩ ግርማ ሰይፉ፣ ሌላው ቦንጋ ላይ በግል የተወዳደሩት ዶክተር አሸብር ወልደጊዮርጊስ ነበሩ። በ2007 እነሱም አልቀሩም፣ 547ቱም የገዢው ፓርቲና የአጋሮቹ ሆኑ። ያኔ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «አሁን ተመራጩን የት ሄደህ ትለየዋለህ? ሁሉም አንድ ሰው ነው» ማለቱ ትዝ ይለኛል። ሰኔ 14 ቀን 2013 ደግሞ ጎንደር ሰልፍ ላይ ነበርኩ። ቀኑ ሰኞ ነው፣ ከኋላዬ የቆሙ እናት «ሰኔና ሰኞ ገጠመብን» እያሉ ሲያስቁን ነበር። በወረቀቱ ላይ ካሉት ስሞች ውስጥ ከዚህ በፊት ምክር ቤት ገብቶ «ይህን ሠርቻለሁ፣ ይህ ግን አልተሳካልኝም» ብሎ የነገረኝ አንድም ሰው ማስታወስ አልቻልኩም።

ችግሩ የአንድ ፓርቲ ብቻ ነው ብዬ ብዘጋው ይቀለኝ ነበር። ግን ፌርፋክስን አያችሁ፣ እዚያም ሰዎቹ የተመዘኑት በአንድ ፓርቲ ውስጥ ነው። በኛ ግን ተመራጩ ይመለስ አይመለስ የሚባለው እኛ ጋ ሳይደርስ ቢሮ ውስጥ ያልቃል። ጥሩ የሠራውም ይነሳል፣ ምንም ያልሠራውም ይመለሳል፣ ምክንያቱን ግን አንሰማም። ምክር ቤት ውስጥ ድምፅ ሲሰጥም ዜናው የሚነግረን ቁጥሩን ነው፤ ይህን ያህል ድጋፍ፣ ይህን ያህል ተቃውሞ፣ ይህን ያህል ድምፀ ተአቅቦ። የኔ ሰው እጁን ያወጣው የትኛው ላይ ነው?

ስለዚህ የመጀመሪያውን ምርጫ ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ተስፋ የሚሰጥበት ነው። ሁለተኛውን አናውቀውም። ሁለተኛው ምርጫ ነው ግን እውነተኛው። መጀመሪያ ቀን እረኛው ምን እንደሚሆን ማንም አያውቅም፣ ታምነዋለህ ትቀጥረዋለህ። ዓመቱ ሲሞላ ነው ነገሩ የሚለየው።

እኚያ አባት «ውሃው ለምን የለም» ብለው ብቻ ቢሆን፣ ያ ሰው መልስ ሳይኖረው አይቀርም ነበር። የተወካዮች ምክር ቤት አባል በእጁ በጀት የለውም። የገጠር ጉድጓድ የሚቆፈረው ወረዳውና ክልሉ ሲወስኑ ነው። እሱ ማድረግ የሚችለው መጠየቅ፣ መወትወት፣ መከራከር ነው። «በዚህ ወር ጠየቅሁ፣ በጀት የለም ተባልኩ። ደግሜ ሄድኩ፣ ለሌላ ቀበሌ ሄደ» ቢል ኖሮ እኚያ አባት «ይኸው ቆዳዋ» ብለው ይመርጡት ነበር። ራሳቸው ተናግረዋል'ኮ፣ ካሳየኝ ለከርሞም እሱኑ እቀጥረዋለሁ ብለዋል። ላም መሞቷ ጥፋት አይደለም።

ለዚህ ነው ነገሩ እንቅልፍ የነሳኝ። ያን ቀን የበደልኩት እኚያን አባት ብቻ መስሎኝ ነበር። ተመራጩንም በድያለሁ። መልስ ካለው መልሱን እንዳይናገር አደረግሁት፣ ከሌለው ደግሞ ሳያፍር እንዲያልፍ አደረግሁት። ዳር ቆመው የሚያዩ ልጆችንም በድያለሁ። እነሱ ያን ቀን ከአስተማሪያቸው የተማሩት ሥነ ዜጋ «ተቀመጥ» የሚል ነው።

እኚያ አባት ዛሬ በሕይወት የሉም። እሳቸውን ይቅርታ መጠየቅ አልቻልኩም። ልጆቻቸው ይህን ካነበባችሁ፣ አባታችሁ ልክ ነበሩ። ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ፣ ጥፋተኛውም እኔ ነኝ። ነፍሳቸውን ይማር።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ከእናንተ ውስጥ ዛሬ ቢሮ የያዛችሁ፣ ስብሰባ የምትመሩ፣ ምክር ቤት የገባችሁም እንዳላችሁ አውቃለሁ። ምክር ብዬ ሳይሆን ካጠፋ ሰው የመጣ ነገር ነው ብላችሁ ውሰዱልኝ። ተመርጣችሁ ከሆነ ደብተር ያዙ። ምን ጠየቃችሁ፣ መቼ ጠየቃችሁ፣ ምን ተባላችሁ፣ ይኼን ጻፉ። አልተሳካም ማለት አያሳፍርም። ስብሰባ የምትመሩ ከሆነ ደግሞ ከአጀንዳ ውጭ የሚባል ሽማግሌ አታድርጉ። መራጭ ከሆናችሁም ሰውየው ተመልሶ ሲመጣ «ምን ትሠራልናለህ?» የሚለውን አስቀድማችሁ አትጠይቁት። መጀመሪያ ያለፈውን ቆጥሮ ያስረክብ።

አንዳንዶቻችሁ «ቲቸር፣ የምን ምርጫ ነው የሚያወሩት፣ መጀመሪያ በሰላም ወጥተን እንግባ» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እውነታችሁን ነው። በአካባቢያችን ባለፉት ዓመታት ያየነው ቀላል አይደለም። ግን ሰላም የሚሰነብተው ሰው ተነስቶ ሲጠይቅና የሚመልስለት ሲያገኝ ነው ብዬ አምናለሁ። እኚያ አባት ምንሽራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ነበር፣ የተጠቀሙት ግን በአፋቸው ነው። እኛ «ይቀመጡ» አልናቸው።

ያን ልጅ ትናንት መልሼ ደወልኩለት። «ለማን ድምፅ ሰጠህ ለመሆኑ?» አልኩት። ሳቀና «ቲቸር፣ እርስዎ አይደሉ እንዴ ድምፅ ሚስጥር ነው ብለው ያስተማሩን?» አለኝ። ደስ አለኝ። አንዱን ትምህርት በደንብ ይዞታል ማለት ነው።

እስቲ እናንተም በየአካባቢያችሁ ተመራጭ ተመልሶ መጥቶ ቆዳዋን ያሳየበት ጊዜ ካለ ጻፉልኝ። አንድም ቢሆን መስማት እፈልጋለሁ። ሰላም እደሩ።